ዘጠነኛው ጥያቄ

መስከረም 22

ለማከብርህ፣ ለምወድህ፣ አንዳንዴም ለምታዘብህ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ድንበር ላይ ሳይፈተሽ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ይድረስህ። ዕድሜህ ይርዘም፤ የቀረችህም ፀጉር ካለችበት አትሽሽ። እኛ ደህና ነን። እማማም ደህና ናት። እግሯ ላይ ያለው ቁስልም ደህና ነው፤ ከእኛ ጋር ተመችቶት ተቀምጧል፣ የመሄድ ሐሳብ የለውም።

«አንቱ» ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር። ግን አንተው ራስህ «አንቱ ስባል ጥርሴ የሚረግፍ ይመስለኛል» ስላልክ ለጥርሶችህ አዝኜ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ። የአውቶቡስ ረዳት በነበርክበት ዘመን ሰፈሩ «ጥሩምባው» ያለህ ሰውዬ፣ በየእሁዱ ስትደውል ድምፅህ ከስልኩ አልፎ ጎረቤት ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ሰውዬ፣ ምን ነክቶህ ነው በስተርጅና ደብዳቤ ጸሐፊ የሆንከው? ስልኬ ተበላሸ ብለሃል። እሺ። ደግሞ «በስልክ ስናወራ እናቴ አጠገብሽ ቆማ ስለምትሰማ እውነቱን አትነግሪኝም» ብለሃል። ይቺኛዋ እንኳ እውነት አለባት። የእማማ ጆሮ የሚደክመው «መድኃኒትሽን ዋጪ» ሲሏት ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እንዴት እንደሚያስተናግዷት ሰልለሽ ንገሪኝ ያልከውን በተመለከተ ደስ ይበልህ፤ ስለላው ሕጋዊ ሆኗል። ባጅ አለኝ። ጤና ጣቢያ እየሄዱ፣ አግዳሚው ላይ ከበሽተኞች አጠገብ ቁጭ ብለው «እንዴት ተቀበሏችሁ?» እያሉ የሚጠይቁ በጎ ፈቃደኞች በሰፈራችን ቡድን አቋቁመዋል። የሰሙትን ጽፈው ለጤና ቢሮው ያቀርባሉ። አለቃቸው የአምስተኛ ክፍል አስተማሪዬ የነበረው ጡረተኛ ነው፤ ያ «ቀይ እስክሪብቶ» የምንለው። በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ሲፈልግ እኔን አስታወሰ። «እጅሽ ፈጣን ነው፤ ምላስሽ ደግሞ ከእጅሽ ይፈጥናል። እሱን ቤት ትተሽ ነይ» አለኝ።

መጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ስንት ሰዓት ጠበቁ፣ ምን ሊታከሙ መጡ፣ በአክብሮት አስተናገዱዎት ወይ፣ ሲታከሙ መጋረጃ ነበር ወይ እያለ ይሄዳል። ዘጠነኛው «ዛሬ ከማን ጋር መጡ?» ይላል። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? ሠርግ ነው እንዴ?» ስለው መምህሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፤ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናዬ ትዝ አለኝ።

«ብቻውን የመጣ ሰው ቅሬታ የለውም» አለኝ። «ቅር የሚለው ነገር ጠፍቶ እንዳይመስልሽ፤ የሚነግረው ሰው ጠፍቶ ነው። ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ።»

አክባሪህ፣ የእህትህ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የጫማ ቁጥሬ 38 ነው። እንዲሁ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል።


ጥቅምት 14

ለተከበርሽው መርማሪ፣ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከረምሽ? እናቴስ እንደምን ከረመች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው፤ ስለ እኔ ምንም አታስቡ።

ባጅ በማግኘትሽ ኮርቻለሁ። ግን ባጅ ዓይን አይሆንም። በማንም ላይ እምነት አትጣይ። ግድግዳው ካበራብሽ በጣትሽ ንኪው፤ ቀለሙ እጅሽ ላይ ከቀረ ትናንት የተቀባ ነው። አልጋ ልብሱ ከነጣብሽ ፍራሹን ገልብጠሽ እዪ። «ችግር የለም» የሚል ሠራተኛ ከገጠመሽ ከጀርባው ያለውን በር ክፈቺ። ሃያ ዓመት የአውቶቡስ በር ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከተሳፋሪው ሁሉ በላይ ፈገግ የሚለው ትኬት ያልቆረጠው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪልኝ። በሽተኛው ተራው ሲደርስ እንዴት ነው የሚጠሩት? በር ላይ ቆመው ተጣርተው «አቤት» ያላለ ሰው ተራው ያልፈዋል ወይስ ፈልገው ያገኙታል? እናቴ ጆሮዋ ስለሚደክም ነው የምጠይቅሽ።

ጠቅላላ ዕውቀትሽ ደርሶኛል፤ ተመዝግቧል።

አጎትሽ


ጥቅምት 30

ለተጠራጣሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደ ክረምት ዝናብ ሳያቋርጥ ይድረስህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ፣ የተበላሸው ስልክህም ነፍስ ይዝራ። እኛ ደህና ነን።

ጤና ጣቢያው ሸቶኛል። የመድኃኒት ሽታ አይደለም።

መጀመሪያ የኛ የራሳችን ሞኝነት። መምህሩ «ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው» ብሎ ከሁለት ሳምንት በፊት የምንመጣበትን ቀን በደብዳቤ አሳውቋቸዋል። ሌባ ልይዝ እየመጣሁ ነው፣ ማክሰኞ ጠብቁኝ እንደማለት ነው። ስንደርስ ኮሪደሩ ታጥቦ ያንሸራትታል። ቁስል ማጠቢያው ክፍል አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ የዕቃ ቤት እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀውም። ባልከኝ መሠረት ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ነጣ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተሯ ከኋላዬ ናት ለካ!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተደገፍኩ» አልኳት። በአንድ ጣት።

ከዚያ በሽተኞቹን መጠየቅ ጀመርን። አንደኛው መካኒክ ነው፤ እጁን ብረት ቆርጦታል። «ምስጋና ይግባቸው፣ እንደ ወላጅ ነው የሚያዩን፣ ቅር ያለን ነገር የለም» አለኝ። ጻፍኩ። ሁለተኛዋ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። «ምስጋና ይግባቸው፣ እንደ ወላጅ ነው የሚያዩን፣ ቅር ያለን ነገር የለም።» ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ቃል በቃል ያው። አምስተኛው ሰውዬ አፉን ሳይከፍት እኔ ጽፌ ጨርሼ ነበር። «ቀጥሎ ቅር ያለን ነገር የለም ነው አይደል?» ስለው «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ደነገጠ።

ሰባተኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እማማ! በአግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ አጣፍታ። እየሳቅሁ «ስምዎን ቢነግሩኝ?» አልኳት። እንደማታውቀኝ ሁሉ ቀና ብላ አየችኝና «የማን ልጅ ነሽ ልጄ? ጨዋ ትመስያለሽ» አለች። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አንዲት ቃል ሳታዛንፍ ለቀቀችው።

ቤት ገብተን ባፋጥጣት ምን አለችኝ መሰለህ፤ «እዚያ በሽተኛ ነበርኩ፣ እዚህ አያትሽ ነኝ። በሽተኛዋን ከፈለግሽ እዚያው ሄደሽ ጠይቂያት።»

ጋሼ፣ እነዚህን ሰዎች ያስጠናቸው ሰው አለ። ያስፈራራቸውም ሰው አለ። እኔ ሲስተሯን ጠርጥሬያለሁ።

ለጠየቅኸኝ ደግሞ፦ በር ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ነው የሚጣሩት። አቤት ያላለ ያልፈዋል። ግን እናትህ ሳትጠራም አቤት የምትል ሴት መሆኗን ታውቃለህ። ለምን ጠየቅኸኝ?

መልስህን በቶሎ የምትጠብቅ፣ የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 5

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው፤ ስለ እኔ ምንም አታስቡ።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የተጠና አፍ አስተማሪ አለው። ከሰባቱ መካከል ዓረፍተ ነገሩን ከሁሉ አሳምሮ የተናገረውን ፈልጊ፤ አስተማሪው እሱ ነው። ሲስተሯን ለመወንጀል አትቸኩይ።

ያን መጠይቅ አንድ ባዶ ቅጂ ላኪልኝ። አንድ ወዳጄ ማየት ፈልጎ ነው።

እናቴን ደህና ነው በያት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 21

ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ ብዙ የምጽፈው አለኝ፣ ግማሹን አትወደውም።

ከሁሉ አሳምሮ የተናገረውን ፈልጊ ብለኸኝ የለ? ሰባቱን መልሶች ደርድሬ አየሁ። መካኒኩ «ይግባቸው»ን ረስቶ ተመልሷል። ልጅ ያዘለችው ሁለት ጊዜ ተደናቅፋለች። እንደ ውኃ ያፈሰሰችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ቤት ነው የምታድረው።

ባጄን አውልቄ፣ የማሳወቂያ ደብዳቤ ባልተላከበት ተራ ቀን ከእማማ ጋር ሄድኩ። አዲሱ መጋረጃ የለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አርባ ሦስት ሰው ቆጥሬያለሁ፤ ቁስል የሚያጥበው ሰው አንድ ነው። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ሰልፈኛው «ረጅሙ» ይለዋል። ጎንበስ እንዳለ ውሎ ቀና ሲል ወገቡ ሲንቋቋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ግማሽ ዳቦ በጋዋኑ ኪስ ይዟል፤ ሁለተኛውን ግማሽ መቼ እንደበላው እሱም አያውቅም። ግን የእማማን እግር የያዘው፣ ጋሼ፣ ልክ እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው።

ተራ ስንጠብቅ አንድ አዲስ በሽተኛ መጥቶ ከእማማ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መርማሪዎቹ ተመልሰው ቢመጡ ምን ትላለህ?» አለችው።

«ምስጋና ይግባቸው… እንደ… እንደ ዘመድ…»

«እንደ ወላጅ! አንተ ሰውዬ፣ ዘመድማ ማንንም ያያል እንዴ? ከመጀመሪያው ጀምር።»

ዓይኔን ገለጥኩ። እማማ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

ባፋጥጣት አወጣችው፤ ለካ ከዓመታት በፊትም እንዲህ ያሉ ጠያቂዎች መጥተው ነበር። በሽተኞቹ ብዙ ያስጠብቁናል ብለው እውነቱን ተናገሩ። ቢሮው ምን አደረገ? በጊዜው የነበረችውን ቁስል አጣቢ «ሰነፍ ናት» ብሎ ወደ ሩቅ ቦታ አዛወራት። ምትክ ሳይመጣ አራት ወር አለፈ። እማማ እግሯን ቤት ውስጥ በራሷ እጅ ያጠበችው ያኔ ነው። «ረጅሙንም እንዲወስዱብኝ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። አፌን ዘጋችው። እኔን! ዝም ያልኩበትን ቀን መዝግብልኝ።

ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። መምህሩ የቢሮውን መልስ ይዞ ቤታችን መጣ፤ እኔ ለእማማ አነበብኩላት። «በሽተኞቹ ሙሉ በሙሉ መርካታቸውን ስለተረዳን ሁለተኛ ሠራተኛ መመደብ አላስፈለገም» ይላል።

«ድገሚው» አለች። ደገምኩት።

የእግሯን ፋሻ ዳሰስ አደረገች። «ሰውየውን ብቻውን ያስቀረሁት እኔ ነኛ» አለች።

ከዚያ መጠይቅ አስመጣችና እንደ ዳኛ ተቀምጣ ሦስት ገጽ አስጻፈችኝ። እጄ ዛለ። «ጥፋቱ የሱ አይደለም ብለሽ ጻፊ። ጥፋቱ ብቻውን መሆኑ ነው ብለሽ ጻፊ። አስምሪበት።» መምህሩ ራሱ በቀይ አሰመረበት፤ ቀይ እስክሪብቶ ለደግ ነገር ሲውል የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ አግዳሚው ላይ ያስጠናቻቸውን ሁሉ እየዞረች አስረሳቻቸው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ጋሼ፣ ስልክህ ከተበላሸ አራተኛ ወሩ ነው። ስልክ የሚጠግን ሰው የሌለበት አገር ነው የሄድከው? «አቤት ያላለ ሰው ተራው ያልፈዋል ወይ» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ ስለ እማማ አይደለም። በደብዳቤዎችህ ውስጥ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፣ ሥራዬም ጤናዬም ደህና ነው፣ ስለ እኔ ምንም አታስቡ» የሚለው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ደርድሬ አየሁት። የተጠና አፍ ያልከኝ አንተ ነህ። ደግሞ የመጨረሻውን ደብዳቤ የጻፍክበት ወረቀት ጀርባው የታተመ ነው። በመቀስ ቆርጠኸዋል፤ ግን ከታች ግማሽ መስመር ቀርታብሃለች። መዝገበ ቃላት ይዤ ፈታኋት። «የበሽተኛ ጠያቂዎች መግቢያ ሰዓት» ትላለች።

ባዶ መጠይቅ ላኪልኝ ብለሃል። ልኬልሃለሁ፤ ግን ባዶ አይደለም። ከላይ ስምህን ጽፌበታለሁ። ለወዳጅህ ሳይሆን ለራስህ ሙላው። ለእማማ አልነገርኩም፤ ለጊዜው።

ጫማውን ተወው።

የእህትህ ልጅ


ጥር 24

መርማሪዋ፤

ይኸው ሞልቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስንት ሰዓት ጠበቁ? — የመጀመሪያ ቀን አምስት ሰዓት። ስሜን ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ሁለቱንም ጊዜ አለፈኝ። እጄን አውጥቼ ነበር፤ የጠራችው ሴት ግን ወረቀቷን ነበር የምታየው። አውቶቡስ ውስጥ ስንቱን ሰው ስጠራ ኖሬ የራሴ ስም አለፈኝ።

ሁለተኛ፣ ምን ሊታከሙ መጡ? — ጉሮሮዬን። ነሐሴ ላይ ቀደውኛል። የወጣው ነገር ክፉ አይደለም ብለውኛል፤ ይሄን በደንብ አንብቢው፣ ክፉ አይደለም። ድምፄ ግን ይመለስ አይመለስ አልታወቀም። መጋቢት አራት በድጋሚ አይተው ይነግሩኛል። ስልኬ አልተበላሸም።

ሦስተኛ፣ በአክብሮት አስተናገዱዎት? — ደጎች ናቸው። ይቸኩላሉ እንጂ ደጎች ናቸው።

ከአራት እስከ ስምንት ያለውን ዘልዬዋለሁ። መጋረጃ አለ፣ ውኃ አለ፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ፍራሹንም ገልብጬ አይቻለሁ።

ዘጠነኛ፣ ዛሬ ከማን ጋር መጡ? — ብቻዬን።

ለእናቴ እንዳትነግሪያት። እለምንሻለሁ። እሷ የምታውቀኝ በድምፄ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 9

ጋሼ፤

ደህና ነን አልልህም፤ ቃሉን ጠርጥሬዋለሁ። ያለነው እንዲህ ነው፦ እማማ አንድ ቀን አልቅሳለች፤ እኔ ሁለት። ቁስሏ እየደረቀ ነው፤ ለረጅሙ በሳምንት ሁለት ቀን የምታግዘው ልጅ ተመድባለታለች፣ ዳቦውንም ተቀምጦ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ።

አዎ፣ ነግሬያታለሁ። እንዳትቆጣኝ፣ ብትቆጣም አይሰማም። ለነገሩ ዜናዬ አሮጌ ነበር። ወረቀትህን ይዤ እየተንተባተብኩ ስጀምር «ድምፁ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ አያውቅም። ይሄን ያህል ወር ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ ድምፁ ጠፍቷል። የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። እስኪነግረኝ ስጠብቅ ነበር።»

አየህ፣ አንተ ከሷ ትደብቃለህ፣ እሷ ማወቋን ከአንተ ትደብቃለች፣ እኔ ከሁለታችሁ እደብቃለሁ። ባጅ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ግን እኔም ደባቂ ሆኜ ማንን ልይዝ ነው?

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ባጄ ነው። ስሜን ፍቄ በዚያ አገር ቋንቋ ጽፌበታለሁ፦ «ድምፅ የለኝም። ተራዬ ሲደርስ ትከሻዬን ይንኩኝ።» መምህሩ ሁለት ስሕተት አርሞልኛል፤ በምን ቀለም እንደሆነ ታውቃለህ። መጋቢት አራት ደረትህ ላይ አድርገው። አታፍር፤ ሃያ ዓመት ኮፍያህ ላይ ቁጥር አድርገህ ኖረሃል።

ሁለተኛው መጠይቅህ ነው። መልሰን የላክነው ዘጠነኛው ስለተሳሳተ ነው። እማማ ሰርዢው አለች፤ ሰረዝኩት። «ከእናቱ ጋር ብለሽ ጻፊ» አለች፤ ጻፍኩ። ያ ሰማያዊ ነጠብጣብ የአውራ ጣቷ አሻራ ነው፤ ቀለሙ ከነጠላዋ አልለቅ ብሎ እስካሁን እየሰደበችኝ ነው።

ስለዚህ መጋቢት አራት፣ እዚያ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ እንደውልልሃለን። አንሳውና ጆሮህ ላይ አድርገው። ማውራት አይጠበቅብህም፤ የምታወራው እሷ ናት፣ ለሃምሳ ዓመት አፍህን ከፍተህ ተራ ነስተኸኛል ትልሃለች። ጠርተውህ እስክትገባ ድረስ አንዘጋም።

የምትመልሰው ካለህ ስልኩን በጣትህ አንኳኳ። አንድ ጊዜ «አዎ» ነው፣ ሁለት ጊዜ «አይ» ነው። ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» ነው፤ እሱን ግን እማማ አላምንም ብላለች፣ በከንቱ ጣትህን አታድክም።

የእህትህ ልጅ